እማሆይ ያልሰጡት ጤና አዳም

ሥራ ያቆምኩ ዕለት የማዘጋጃ ቤታችን ሰዎች ድግስ ብጤ አደረጉልኝ። በግ ታረደ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ እኔው በተከልኩት ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ተደረደረ። ጋቢም አለበሱኝ። ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ውለታ አልረሳም። ነገር ግን የክፍላችን ኃላፊ አቶ ደምሴ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና እንዲህ አለ፦

«ጋሽ ይርጋ የአትክልትን ሥራ በጎልማሳነታቸው ከጣሊያን ነው የተማሩት። ጣሊያን ክፉ ቢሆንም አትክልት መትከሉን ግን አስተምሮን ነው የሄደው። ያንን የታወቀ የአትክልት ቦታውን እንኳ ያገሬው ሰው ወዶና ፈቅዶ በሰጠው ተክል ነው ያቋቋመው ይባላል።»

ሰው አጨበጨበ። እኔ አፌ ውስጥ የነበረው ጉርሻ አልወርድ አለኝ።

ያን ዕለት ዝም አልኩ። በግ ባረዱልህ ሰዎች ፊት ማኩረፍ ነውር ነው። ደግሞም ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ያንተ ቁጣ የኩበት እሳት ነው፤ ነበልባል የለውም፣ ግን አይጠፋም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ድግሱ ካለቀ በኋላ ቤቴ ገብቼ ብቀመጥ፣ ብተኛ፣ ብነሣ፣ ያ ጉርሻ እንደተሰነቀረ ቀረ። ዳዊት እንኳ ሳልጨርስ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጽሕፈቴም እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። «ወዶና ፈቅዶ» የተባለው ነገር ሲሆን እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ዶማው በእጄ ነበር።

የአትክልትን ሥራ ያስተማሩኝ እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው።

እማሆይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለችው ደብራችን በታች ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱባቸው መንኩሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ በአንዲት ጎጆና በአንድ ቁራሽ መሬት የቀሩ ሴት ናቸው። የእኔ መሬት ከእርሳቸው አጥር ጋር ይዋሰናል። አባቴ ሞቶ እርሻውን እንደተረከብኩ ጎመን ተከልኩ፤ ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ ወረሰው። እንደገና ተከልኩ፤ ትል ከሥሩ እየቆረጠ አጋደመው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የእማሆይ ጎመን እንደ ጋሻ ተዘርግቶ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳይኖርበት ይታያል። ቅናት ያዘኝ እንጂ መጠየቁ አልመጣልኝም። እርሳቸው ናቸው አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

«ይርጋ፣ ለማን ነው የምትተክለው?» አሉኝ።

«ለቤቴ ነዋ እማሆይ።»

«አይመስልም። ለትሉ የምትተክል ነው የሚመስለው። ና ግባ።»

ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ግቢ አልወጣሁም ማለት ይቻላል።

ግቢያቸው ሥርዓት ነበረው። ከውጭ አጥሩን የያዘው ስሚዛና ግራዋ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አሪቲ በመስመር ዞሮታል። በየማዕዘኑ፣ በየበሩና በየመደቡ ራስ ላይ ጤና አዳም ቆሟል። ጎመኑ መሐል ለመሐል ነጭ ሽንኩርት ተሰክቷል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ያ ሁሉ ሽታ ተቀላቅሎ መንገደኛውን ከሩቅ ይቀበለዋል። «ነፍሳት እንደ ሌባ ናቸው፤ በር ላይ ሰው ካለ አይገቡም፤ እነዚህ በረኞቼ ናቸው» ይሉ ነበር።

ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ቅጠል አይነኩም። ወደ መደቡ ሲጠጉ በመጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ ያያሉ፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። «ቅጠል እንደ ሰው ነው፤ ገበናው ከበታቹ ነው» ይላሉ። ቆራጭ ትል ሲነሣ አመድ ነፍተው በየግንዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያደርጋሉ። ጤና አዳሙን ግን ፍግ አያስነኩትም። አንድ ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ የበሰበሰ ፍግ ተሸክሜ ልጨምርበት ስል በመቋሚያቸው እጄን መቱኝ።

«ለጎመኑ አድርግ። ጤና አዳም ድንጋይ ላይ ይኑር፣ ይጠማ፣ ይቸገር። የጠገበ ይረሳል።»

«ምኑን ነው የሚረሳው?»

«ሽታውን ነዋ።»

የደብሩ ሰው ዋናው ጉዳይ ግን ጎመኑ አልነበረም፤ ዘሩ ነበር። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። ባቄላና ገብስ ግን ነቀዝ ከገባበት ለከርሞ የሚዘራ አይተርፍም። እማሆይ ጤና አዳሙንና አሪቲውን ቆርጠው በሰፌድ ላይ ከጣሪያው ክፈፍ በታች፣ ጥላ ላይ ያደርቁታል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ገለባ ነው ይላሉ። በእጅ ሲጨብጡት ኮሽ ሲል፣ አድቅቀው ከተነፋ አመድ ጋር ያዋሕዱና ለመጣው ሁሉ ይሰጣሉ። ሰውየው ጎታው ውስጥ አንድ ረድፍ እህል፣ አንድ ረድፍ ቅጠል እያደረገ ያስቀምጣል። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲብስና ነቀዝ ሲነሣ እንደገና መጥቶ አዲስ ቅጠል ወስዶ ይጨምራል።

ቅጠል ለለመነ ሁሉ ይሰጣሉ፤ ሥር ግን አይሰጡም። ሕጋቸው ነበር። «አሥር ሰው የሚጠብቀው ከብት ጅብ ይበላዋል፤ ተክልም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቦታ፣ በአንድ እጅ ይኑር» ይሉ ነበር። ሰዉም ቢሆን ቅጠሉን በነጻ እያገኘ ለምን ብሎ ይተክላል? ዛሬ በየደጁ የምታዩት ጤና አዳም ያን ጊዜ በደብራችን ከእርሳቸው ግቢ በቀር አልነበረም። ይህ ነገር ወደ በኋላ የሚያመጣውን እርሳቸውም እኔም አላሰብነውም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገባ። ከተማው ላይ ምሽጉን ሠራ፤ አርበኛ ያሳደረ ነው ያለውን መንደር ያቃጥል ጀመር። የእኛም መንደር ተቃጠለ። ጎታ ከነእህሉ ነደደ፤ ያልነደደውን ጤፍ ወታደር በበቅሎ ጭኖ ወሰደ። ከቃጠሎው የተረፈውን የባቄላና የገብስ ዘር የደብሩ ሰው ሰብስቦ፣ «የት እናድርገው?» ሲል እማሆይ፣ «እኔ ዘንድ፣ ከመሬት በታች» አሉ። ጉድጓድ ቆፈርን። ግድግዳውን በጭቃና በእበት ለስነን፣ ጭድ አልብሰን፣ ዘሩን ከቅጠል ጋር ደራርበን አስገባን። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነን አፈር መለስንበት። ያ አፍ የነበረው ከሁሉ ካረጀው ጤና አዳም ሥር ነው፤ ቁጥቋጦው እንደ ቀሚስ ወርዶ ይሸፍነዋል። የደብሩ ሰው የከርሞ እንጀራ በሙሉ እዚያ ሥር ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማ ያለው የጣሊያን ካፒቴን፣ «ጎመን መትከል የሚያውቅ ሰው አምጡ» ብሎ አዘዘ፤ ጭቃ ሹማችን እኔን ሰጠ። በግዳጅ ነው። እምቢ ማለት መንደሩን እንደገና ማስቃጠል ነበር።

ስለ ካፒቴኑ እውነቱን ልናገር። በእጁ መትቶኝ አያውቅም። አትክልት ይወድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጭ መሐረብ ይዞ በመደቦቹ መሐል እየዞረ፣ ሰላጣውንና ጥቅል ጎመኑን በቋንቋው ያነጋግራል። ይህን ስል ላመሰግነው አይደለም። የሚያናድደኝ እንዲያውም ይኸው ነው። ለቅጠል የሚራራ ሰው፣ ከቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ የሰው መንደር ሲጤስ ያይ ነበር። ክሽክሹ ግን ለእርሱም አልራራለትም፤ ጎመኑን ጨረሰው። ቤቱም በቁንጫ ተወረረ።

አስተርጓሚው ባሻ ተካ ይባላል። ያገር ልጅ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ሳነሣ ጥርሴ ይፋጫል። መለዮውን አጋድሎ፣ አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እኔን «አንተ ጎመን ጠባቂ» ብሎ ነበር የሚጠራኝ።

አንድ የመጋቢት ቀን ካፒቴኑ አርበኛ ፍለጋ ወታደር አስከትሎ በእኛ ደብር በኩል አለፈ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ባሻ ተካ ጠራኝና፣

«ነገ ዶማህን ያዝ፤ የምትቆፍረው አለ» አለኝ።

«የት ነው ባሻ?»

«የመነኩሲቷ ግቢ። ጌታው ሽታው ጥሞታል። አንድ ነፍሳት የለበትም አሉ። ከነሥሩ ወደዚህ ይመጣል።»

«ባሻ፣ መጋቢት ነው። በዚህ ደረቅ ወቅት ተክል ተነቅሎ አይጸድቅም። ክረምት እስኪገባ ቢቆዩ።»

«ጌታው ክረምትን ይጠብቃል ወይ? ክረምት እርሱን ይጠብቀው እንጂ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

በማግስቱ አስካሪ የሚባሉትን ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ የግዳጅ ሠራተኞችና በቅሎዎች ይዘን ሄድን። እማሆይ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አላለቀሱም፤ አልለመኑም። ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣቸው። መቆፈሩ ተጀመረ። አሪቲው እየተነቀለ በጆንያ ይጠቀለላል፤ ጤና አዳሙ ከነአፈሩ በቅርጫት ይገባል። ዓይኔን ከአሮጌው ቁጥቋጦ ላይ አላነሣሁም። እማሆይም እንደኔው። በመጨረሻ ወደ ባሻ ተካ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ለጌታህ ንገርልኝ። ሁሉንም ይውሰድ። ያንን አሮጌውን ብቻ ይተውልኝ። የእናቴ እጅ የነካው ነው።»

ባሻ ተካ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ጥቂት ቃል ተናገረ። ካፒቴኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በጣም ዝቅ ብሎ እማሆይን አመሰገናቸው። ከዚያ በእጁ ወደ አሮጌው ጤና አዳም ጠቆመ። ይቆፈር ማለቱ ነው።

እማሆይ ምን እንደተባለ አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም። የገባኝ አንድ አስካሪ ዶማ ይዞ ወደዚያ መሄዱ ብቻ ነው። በጥልቁ ከመታው ድንጋዩ ይገለበጣል፤ ዘሩ ይወጣል፤ ዘሩ ከወጣ ደግሞ «ለአርበኛ የተደበቀ ስንቅ» ተብሎ ደብሩ በሙሉ ይሰቀላል።

«ይኸን ለእኔ ተዉልኝ» ብዬ ቀደምኩ።

«ምን አጣደፈህ?» አለ ባሻ ተካ።

«አሮጌ ነው ባሻ፤ ሥሩ ይሰበራል። የለመደ እጅ ይፈልጋል።»

ዶማዬን አስተኝቼ፣ ሣር እንደሚልግ ሰው ከላይ ከላዩ ቆረጥኩ። ሥሩ ሲበጠስ እጄ ላይ ይሰማኛል። በመሐል ዶማው ድንጋዩን ነካና ጮኸ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድንጋይ ነው ባሻ። ያገራችን መሬት ምን ሌላ ያበቅላል?»

አስካሪዎቹ ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ። ቁጥቋጦውን አቅፌ ስነሣ በእግሬ አፈር ገፋሁበት። የያዝኩት ሥር የሌለው ጤና አዳም ነበር፤ እንደያዝኩት ሞቷል። እማሆይ አይተዋል። አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ።

የተረፈው ግቢ እንደተላጨ ራስ ሆነ። ከአጥሩ ስሚዛና ግራዋ በቀር ምንም አልቀረም። ለመሄድ ስንነሣ እማሆይ በአጠገቤ አልፈው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣

«ዘሩ አለ። በረኞቹ ግን ሄዱ። ግንቦት ሳይገባ ቅጠል አምጣልኝ» አሉ።

ከተማ ወስጄ ተከልኳቸው። ዳስ ጣልኩላቸው፤ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣሁ። ካፒቴኑ ለእርሱ ብዬ የምደክም መስሎት ይሆናል፤ ግን ለእርሱ አልነበረም። እነዚያ ከሞቱ በደብራችን ሌላ ዘር የለም። የሞተው ሞተ፤ የቀረው ሥር ሰደደ። አሮጌው በሳምንቱ ደረቀ፤ «አርጅቶ ነበር» አልኩ፤ አለፈ። ካፒቴኑ ከፈረስ ጋጣ ፍግ ይጨመርበት አለ፤ ጨመርን። ወፈረ፤ ለመለመ። ቅጠሉን ቆንጥሮ እያሸተተ ይስቃል።

ግንቦት ተቃረበ። ቅጠል ቆርጬ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ጥላ ላይ አሰጣሁ። ገና ሳይደርቅ ባሻ ተካ አገኘውና ለፈረሶቹ ጉዝጓዝ አደረገው። ሌላ አሰጣሁ፤ እርሱም እንዲሁ ሆነ። ቀኑ እያለቀ ነው። በመጨረሻ እርጥቡን ቆርጬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ አሥሬ፣ ወደ ቤት በምሄድበት የቅዳሜ ከሰዓት ወደ በሩ አመራሁ።

ይህን ነው በዕድሜዬ ሁሉ የምቆጭበት። ከእማሆይ ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው፦ «እርጥብ ቅጠል ለሰው ይጮኻል፣ ደረቁ ለነቀዝ ይናገራል።» ጤና አዳም ሲሞቀው ሽታው ይብሳል፤ የብብት ሙቀት ደግሞ እንደ ምድጃ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ነገር ጭንቅ ያስረሳል። በሩ ጋ ስደርስ ከእኔ ቀድሞ ሽታው ደረሰ።

ባሻ ተካ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። አፍንጫውን ነፋ።

«አንተ ጎመን ጠባቂ። ዛሬ ሙሽራ ነህ እንዴ፣ እንዲህ የምትሸተው?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው ባሻ። ጤና አዳም አፍንጫዬ ውስጥ አድርጌ ነው።»

«አሃ። አፍንጫህ ብብትህ ውስጥ ነው?»

ዘበኞቹ ሳቁ። ፈተሹኝ። ቅጠሉ መሬት ላይ ተበተነ። ለምን እንደያዝኩት ቢጠይቀኝ፣ «ለቁንጫ» አልኩ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። «የመንግሥት ንብረት» ተባለ። ገረፉኝ። የአለንጋው ምልክት ዛሬም ጀርባዬ ላይ ስላለ ስለ እርሱ አልጽፍም። ከዚያ ወዲያ ግን ከግቢው እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ግንቦት አለቀ፤ ሰኔ ገባ፤ እኔ እዚያ ለካፒቴኑ ጎመን በረኞች ውኃ አጠጣለሁ።

የለቀቁኝ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው። ደብር ስደርስ ሰው ለዘር ተሰብስቦ ነበር። እማሆይ ቅጠል የለም ብለው አልተቀመጡም፤ አመድ ጨምረዋል፣ ግራዋም አድርቀው ጨምረዋል። «ግራዋ ይመራል እንጂ አይሸትም፤ ነቀዝ ደግሞ ሳይቀምስ ነው የሚያሸተው» አሉኝ።

ድንጋዩን አነሣን። እጄን ሰደድኩ። እህሉ ሞቋል። ደህና እህል ከመሬት በታች ይቀዘቅዛል፤ የሞቀ እህል ሕይወት ያለው ነገር ሲበላው ነው። ጨብጬ አወጣሁ። ባቄላው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ በጣቴ መሐል ዱቄት ፈሰሰ፤ ጥቋቁር ነቀዞች መዳፌ ላይ ተራወጡ። ገብሱም ገለባው ብቻ ቀርቷል። የደብራችን ትልቅ ገበሬ አያ ሙሉ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣

«ነቀዙም ከጣሊያን ጋር ተማክሯል» አሉ።

የሳቀ የለም።

እማሆይ ነጠላቸውን ዘርግተው ባቄላውን በጣታቸው መልቀም ጀመሩ። ያልተበሳውን ለብቻ፣ የተበሳውን ለብቻ። ቀኑን ሙሉ ለቀሙ። የዳነው ለየቤቱ እፍኝ አይሞላም ነበር። እርሱንም አካፈሉ። ያን ክረምት ሳማ በላን። አያ ሙሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ በረሃ ወረዱ፤ እርሳቸው አልተመለሱም። ያን ዓመት የቀበርናቸውን አልቆጥርም፤ ቁጥር አይመጥናቸውም። እንግዲህ አቶ ደምሴ «አስተምሮን ሄደ» ያለው ጣሊያን ይህ ነው።

ጊዜው ደረሰና ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሰው ቆርቆሮውን፣ አልጋውን፣ በርሚሉን ሊያወጣ ይጋፋል። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል በቀጥታ ወደ አትክልቱ ሄዱ። ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ አዩ። ክሽክሽ ነበረበት። ቆነጠሩ፤ አሸተቱ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«አጥግባችሁታል» አሉ።

«ያዘዘው እርሱ ነው እማሆይ።»

«አውቃለሁ። ይኸው ረሳ።»

ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን የግንቡን ሥር እየተከተሉ ሄዱ። እዚያ፣ ፍግ ያልደረሰው፣ በድንጋይ ስንጥቅ መሐል ከወደቀ ፍሬ የበቀሉ፣ ጥቂት ቀጫጫ ጤና አዳሞች ነበሩ። ቆንጥረው ሳይጨርሱ ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። «እነዚህን ንቀል» አሉኝ። ነቀልኩ። ሌላው ሰው ቆርቆሮ ተሸክሞ ሲወጣ፣ እኛ ሥር ተሸክመን ወጣን።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ሥር ሰጡ። ለየቤቱ አንድ አንድ። «አንድ ቦታ ሁሉን ያኖርኩ እኔ ነኝ፤ አንድ ቦታ የነበረ ነው የተዘረፈው። ከእንግዲህ በየደጃችሁ ይኑር፤ ሌባ ሁሉን ደጅ አይጨርስም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ረጅም ነው፤ ግን አጭር ወሬ ነው። ያው የካፒቴኑ ግቢ ለሐኪም ቤት ሲሰጥ አትክልተኛ ሆኜ ገባሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት ሉማሜ፣ መጨረሻ ማዘጋጃ ቤት። አንዱ አለቃዬ ጽጌረዳ ብቻ ትከል ይል ነበር፤ እሺ ብዬ ከየጽጌረዳው ሥር ነጭ ሽንኩርት እሰካለሁ፤ ክሽክሹ ሲጠፋ ምክንያቱን አልጠየቀም። ደመወዙ ልጅ አሳድጓል፤ በቃ። በሠራሁበት ሁሉ ማዕዘኑ ላይ ጤና አዳም አለ።

ባሻ ተካን ደግሞ ከነጻነት በኋላ ጠላ ቤት አገኘሁት። ማንም አልነካውም፤ እንዲያውም ተስማምቶት ነበር። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ለተሰበሰበው ሰው እየሳቀ ያወራል፦ «አሮጊቷ አንዷን ተውልኝ ትለኛለች። እኔ ለጌታው፣ ሁሉንም በደስታ ሰጥቻለሁ፣ አሮጌውን ከሁሉ አስበልጠው ይውሰዱልኝ ብላለች አልኩት። እርሱም አጎንብሶ አመሰገናት!» አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እኔ ጠላዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ያ ሰው ካባ ለብሶ፣ ተለቅሶለት፣ በክብር ተቀበረ። ውሸቱ ግን አልተቀበረም። ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞረ፣ እየተወለወለ፣ በኔው ድግስ ላይ ብርጭቆ ይዞ ተነሣ።

ባለፈው ቅዳሜ አቶ ደምሴ ቤቴ መጣ። የወተት ዱቄት ጣሳ ይዟል፤ አፈር ሞልቶበታል።

«ጋሼ፣ አዲሱ ቤታችን ቁንጫ ፈጀን። ባለቤቴ ጋሽ ይርጋ ዘንድ ሄደህ ጤና አዳም አምጣ ብላኛለች።»

ባልሰጠው በወደድኩ። እውነቴን ነው፤ ደጄ ላይ ያለውን ሁሉ ነቅዬ እሳት ውስጥ ብጥለው ይሻለኝ ነበር። ሆኖም «ተቀመጥ» አልኩት፤ ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ጣሳውን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ሰማኝ። ስጨርስ መሬት መሬቱን እያየ፣

«አባቴ ሲያወራ ሰምቼ ነው ጋሼ። እርሱ ደግሞ ከባሻ ተካ ነው የሰማው» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም ከዚያው ሰምቼዋለሁ።»

ተነሥቼ ከድንጋዩ ሥር ካለው ቀጭኑን ነቀልኩ። እማሆይ ስማቸው ይነሣልኝ ብለው አያውቁም፤ ሥር የሚወስድ ሁሉ ስማቸውን እንዲጠራ ማድረግ የእኔ ሕግ ነው። ሥሩን በእጄ እንደያዝኩ ጠየቅሁት።

«ከማን ወሰድኩ ትላለህ?»

«ከእርስዎ።»

«ከእኔ አይደለም።»

«ከእማሆይ ወለተ ኪዳን።»

«ጣሊያን ዘንድ የደረሰው ሰጥተው ነው?»

«አይደለም» አለ። «ተዘርፈው።»

ሥሩን ጣሳው ውስጥ ተከልኩለት፤ አፈሩን በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅሁ። አመስግኖ በሩ ጋ ሲደርስ ጠርቼ መለስኩት።

«ፍግ እንዳታስነካው» አልኩት። «የጠገበ ይረሳል።»